አራት ብጣሽ ወረቀት

ባለፈው ጥቅምት ወፍ ዋሻ ደን ጫፍ ላይ ያነሳኋቸው 14 ፎቶዎች እስካሁን ስልኬ ላይ አሉ። ሁሉም የአንዲት ወፍ ናቸው። ግማሾቹ ደብዝዘዋል፤ በሁለቱ ላይ የሚታየው ጅራቷ ብቻ ነው፤ አንዱ ላይ ቅጠል እንጂ ወፍ የለም። ስልኬ በሞላ ቁጥር ላጠፋቸው እከፍታቸውና መልሼ እዘጋቸዋለሁ። ፎቶዎቹ ስላማሩኝ አይደለም። ያን ቀን አንድ ነገር አይቼ ሳልናገር ስለቀረሁ ነው።

አራት ነበርን። ጋሼ አንኮበር ተወልደው ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን እንግዳ ሲመሩ የኖሩ አስጎብኚ ናቸው፤ እኔ ወፍ ማየት የተማርኩት ከእሳቸው ነው። መምህርቷ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ታስተምራለች። አራተኛው የእሷ ተማሪ የነበረ፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ነው። ከደብረ ብርሃን በውርጭ ተነስተን፣ ጣርማ በርን አልፈን፣ ደብረ ሲና ሻይ ጠጥተን በእግር ወደ ደኑ ስንዘልቅ ፀሐይዋ ገና የጥዱን ጫፍ ብቻ ነበር የያዘችው።

ወፏ የታየችን ከምንጩ ከፍ ብሎ ባለ ወይራ ላይ ነው። ከነጅራቷ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጀርባዋ ቡናማ ሆኖ አረንጓዴ የሚመታ፣ ደረቷ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ከዓይኗ በላይ እንደ ቅንድብ የተሰመረ ነጣ ያለ መስመር ያላት። ቅጠሉን በሆዱ በኩል እያየች ትል ትለቅማለች፤ አንድ ቦታ ሁለት ሰከንድ አትቆይም። ጋሼ ባይኖኩላራቸውን ከዓይናቸው ሳያወርዱ «ቺፍቻፍ ናት» አሉ። ልጁ ደብተሩ ላይ ጻፈ። መምህርቷ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ደግሞ በካሜራዬ ውስጥ እግሯን አየሁት። የማር ቀለም ነበረው።

የቺፍቻፍ እግር ጥቁር ነው።

ዝም አልኩ።

ቅጠል ተመልካቾቹ

ወፍ የማያይ ሰው ይህን ሲያነብ «ለአንዲት ጭራሮ ለምታህል ወፍ ይህ ሁሉ?» ሊል ይችላል። እናቴ ብታያት «ወፍ ናት» ብላ ትጨርሰዋለች፤ ከቆቅ፣ ከዋኔ፣ ከጭልፊት፣ ከቁራ ጋር የምንኖረውን ያህል ከእነዚህ ከቅጠል ሥር ከማይወጡት ጋር ስለማንኖር፣ በአማርኛችንም እያንዳንዳቸውን ለይተን የምንጠራበት ስም እኔ አልሰማሁም። ስለዚህ እኛም የፈረንጁን ስም እንዳለ እንጠቀማለን። ዋርብለር እንላቸዋለን።

የእኛን ወፍ ከሁለት አንዷ ማድረግ ነበረብን። አንደኛዋ ቺፍቻፍ ናት፤ ስሟ ከዜማዋ የመጣ ነው፤ አውሮፓ ላይ በጸደይ «ቺፍ፣ ቻፍ፣ ቺፍ፣ ቻፍ» እያለች ነው የምትውለው። ሁለተኛዋ ዊሎው ዋርብለር ናት። ዊሎው ማለት አኻያ ነው፤ ወንዛችን ዳር የምናውቀው ያው አኻያ። የሁለቱም የጋራ የሳይንስ ስም ፊሎስኮፐስ ነው፤ ከግሪክ የተወሰደ ሆኖ ቅጠል ተመልካች እንደማለት ነው። ይህን ስም ያወጣላቸው ሰው ወፎቹን በደንብ አይቷቸዋል እላለሁ። ከእነሱ ሌላ በደጋው ደናችን ዓመቱን ሙሉ የምትኖር ቡናማ ዘመድም አለቻቸው፤ ፊቷ ደማቅ ቡናማ ስለሆነ እሷን ወዲያው አስወጣናት።

መልካቸው እጅግ ስለሚቀራረብ በእንግሊዝ አገር እንኳ ለረጅም ዘመን እንደ አንድ ወፍ ነበር የሚታዩት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጊልበርት ኋይት የተባለ የገጠር ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው በጆሮው ሰምቶ፣ ዜማቸውን ለይቶ፣ እነዚህ ሁለቱና ሌላ አንድ ዘመዳቸው ሦስት የተለያዩ ወፎች ናቸው ያለው። ነገር ግን ጥቅምት ላይ እኛ ዘንድ ሲደርሱ ዜማው የለም ማለት ይቻላል። ቢበዛ አንዲት አጭር ጥሪ ያሰማሉ፤ የቺፍቻፍ በአንድ ትንፋሽ «ህዊት» ስትሆን የዊሎው ለሁለት ተሰብራ «ሁ-ዊት» ትላለች። ያን ጠዋት ግን ከምንጩ ድምፅ በቀር የሰማነው አልነበረም።

ስለዚህ የቀረን ዓይናችን ነው። ዓይን ደግሞ ደን ውስጥ ያታልላል። በቅጠል መሃል አልፎ የሚመጣ ብርሃን ቡናማውን አረንጓዴ፣ ነጩን ቢጫ ያደርገዋል። እግርም ቢሆን ብቻውን አይበቃም፤ ጠቆር ያለ እግር ያላቸው ዊሎዎች አሉ። የማር ቀለም ያለው እግር ማየቴ ነገሩን አይቆርጠውም ነበር። ቢሆንም ቢያንስ «ቆይ» የሚያሰኝ ነበር። አንድ ቃል፤ «ቆይ ጋሼ»።

ያልወጣችው ቃል

ለምን አልተናገርኩም? ብዙ ቀን ራሴን ጠይቄያለሁ።

የመጀመሪያው መልሴ ቀላል ነበር፤ አክብሮት ነው። ጋሼ ባይኖኩላር እንዴት እንደሚያዝ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ታላቅ ሰው አንድ ነገር ብሎ ከጨረሰ በኋላ፣ ያውም በልጅ ፊት፣ «አይ» ማለት እኛ አገር እንዴት እንደሚታይ ለማንም ማስረዳት የለብኝም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚሉ አባቶቻችን ናቸው፤ ግን ያው አባቶቻችን ታላቅ ሲናገር ዝም በል ብለውም አሳድገውናል። ሁለቱን አስታርቆ መኖር ለእያንዳንዳችን የተተወ ነው። እኔ ሁልጊዜ ዝምታውን እመርጣለሁ። ቢሮም፣ ቤትም፣ ዕድር ላይም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ዝምታዬን በጽሑፍ አጸናሁት። ኢበርድ በሚባለው፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ ወፍ ተመልካቾች ያዩትን በሚያስገቡበት መዝገብ ላይ «ቺፍቻፍ፣ 1» ብዬ ሞላሁ። መዝገቡ ለእንዲህ ያለው ጥርጣሬ መውጫ አለው፤ ሁለቱን ወፎች በአንድ መስመር አስገብቶ «ከሁለቱ አንዷ» የሚያሰኝ አማራጭ። አየሁት። አለፍኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ግን የቸኮልኩት ለመጨረስ ብቻ አይመስለኝም። ጉዳዩ እንዲዘጋልኝ ፈልጌ ነበር። «ከሁለቱ አንዷ» ብዬ ብሞላ ነገ ጋሼ ያዩታል፣ ለምን ይሉኛል፣ እግሯን አየሁት ልል ነው።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። አንዲት ወፍ፣ አንድ መስመር። ነገር ግን ያ መዝገብ እኔ የማላውቃቸው ሰዎች፣ የትኛዋ ወፍ መቼ የት እንደምትደርስ የሚያጠኑ፣ የሚያምኑት ነው። ከሰሜን ሸዋ የሚገባው ደግሞ ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱ ውስጥ አንዱ ሲሳሳት ይከብዳል።

ወረቀቱ ሲከፈት

በሳምንቱ ቅዳሜ ማታ መምህርቷ ቤት ተሰበሰብን። ጥቅምት ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ የታወቀ ነው፤ ከሰሉ መሃል ላይ፣ ጋሼ በጋቢ ተጠቅልለው ከምድጃው አጠገብ፣ የገብስ ቆሎው በሰፌድ፣ ላፕቶፑ በርጩማ ላይ። የወሩን ፎቶዎች አንድ በአንድ እያየን ስም የምናወጣበት ምሽት ነበር። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ፎቶው ይከፈታል፣ ጋሼ ይናገራሉ፣ እኛ «አዎ፣ ልክ ነው» እንላለን፣ ወደሚቀጥለው እናልፋለን።

የእኔ 14 ፎቶዎች ላይ ስንደርስ መምህርቷ ላፕቶፑን ወደ ራሷ አዞረችው። ከዚያ ከደብተር አንድ ገጽ ቀዳ ለአራት ቀደደችው።

«ዛሬ ማንም ቀድሞ እንዳይናገር» አለች። «ፎቶዎቹን ሁለት ጊዜ እናያለን፤ ከዚያ እያንዳንዳችን ያየነውን እንጽፋለን። ጋሼ፣ እርስዎም።»

ጋሼ ፈገግ ብለው እጃቸውን ከጋቢው አወጡና ብጣሿን ተቀበሉ።

አየን። አራተኛው ፎቶ ከሁሉም ያምራል፤ ፊቷ ጥርት ብሎ፣ ዓይኗ ውስጥ የሰማዩ ነጥብ ሳይቀር ይታያል። ሁላችንም ስናየው የምንቆየው እሱ ላይ ነበር። ስድስተኛው ላይ እግሯ አለ፤ ያ የማር ቀለም። ልቤ መታ። እስክሪብቶዬን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። ማንም አያየኝም፤ ማንም አይሰማኝም፤ ያየሁትን ለመጻፍ የሚከለክለኝ አንድም ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

«ቺፍቻፍ» ብዬ ጻፍኩ።

ጽፌ ቀና ስል ጋሼ ገና እየጻፉ ነው። ቺፍቻፍ አራት ፊደል ነው። የጋሼ እስክሪብቶ ግን አራቱን ፊደል አልፎ ሄዷል። ሲቆም፣ ሲያስብ፣ እንደገና ሲጽፍ ዓይኔን ከእጃቸው ላይ መንቀል አቃተኝ። ያኔ ነው ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር የወረደብኝ።

መምህርቷ ወረቀቶቹን ሰብስባ አነበበች። የልጁ፣ «ቺፍቻፍ»። የእኔ፣ «ቺፍቻፍ»። የራሷ፣ «ዊሎው» ብላ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አድርጋለች። የጋሼ፣ «አልለየኋትም። ጠዋት እግሯን አላየሁም ነበር።»

ለጥቂት ጊዜ ከከሰሉ መንጣጣት በቀር ድምፅ አልነበረም። ልጁ «ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ቺፍቻፍ ያሉን?» አላቸው።

«ብያለሁ» አሉ። «በዚህ ወቅት ከዚያ ወይራ ላይ ብዙ ጊዜ የማየው እሷን ስለሆነ ከልማድ ወጣኝ። ቀና ብዬ ሳያችሁ ሁላችሁም ዝም አላችሁ። አንተ ካሜራ ይዘሃል፣ አንቺ ባዮሎጂ ታስተምሪያለሽ። አይታችሁ የተስማማችሁ መሰለኝ። የእናንተ ዝምታ ነው ያጸናኝ።»

ይህን ሲሉ በቁጣ አልነበረም። ቆሎ እየቆረጠሙ ነው ያሉት። ለእኔ ግን ምድጃው ወደ እኔ የተጠጋ ያህል ፊቴ ጋለ። ሳምንት ሙሉ እኔ የእሳቸውን ቃል ተደግፌ ቆሜ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ የእኔን ዝምታ። ከወፏ ላይ ዓይኑን ያልነቀለ ማን ነበር?

«እግሯን ያየ አለ?» አሉ ጋሼ።

«እኔ አይቻለሁ» አልኩ። «እዚያው። የማር ቀለም ነበረው።»

ዞር ብለው ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም። አክብሮት ነው ልል ነበር፤ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ትክክል እንዳልሆነ ገባኝ። ሰውን ማክበር ያየኸውን ለእሱ መስጠት አይደለም ወይ? እኔ ጋሼን እርማት የማይችሉ ሰው አድርጌ ነበር በልቤ የያዝኳቸው። አንድም ቀን እንደዚያ ሆነውብኝ አያውቁም።

ዝምታው ሲረዝም ጋሼ ራሳቸው ሰበሩት። የአንኮበሯን ትንሽ ወፍ አነሱ። አንኮበር ሴሪን የምትባለውን፣ በገደሉ አፋፍ የምትኖር፣ ሸንተረር ሸንተረር ያለባት ቡናማ ወፍ። «እኛ ከብት ስንጠብቅ ከእግራችን ሥር ትነሳ ነበር» አሉ። «ጆን አሽ የሚባል እንግሊዛዊ ነው ለይቶ በ1979 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስታወቃት። ያን ሁሉ ዘመን ያላያት ሰው አልነበረም። ግን ሁሉም 'ያቺው ድንቢጥ ናት' እያለ ነው ያለፋት።» ከዚያ ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አሉ። «እስቲ እንደገና ክፈቺው።»

ፊት የሌላት ፎቶ

መልሱን ያገኘነው 11ኛው ፎቶ ላይ ነው። ማንም ትኩረት ያልሰጠው ፎቶ ነበር፤ ጭንቅላቷ ሙሉ በሙሉ በወይራ ቅጠል ተሸፍኗል፤ ጀርባዋንና ጎኗን ሰጥታለች። ፊት ስለሌላት ሁለቱንም ዙር በፍጥነት አልፈናታል። መምህርቷ ግን «ክንፏ የሚታየው እዚህ ብቻ ነው» አለችና አጎላችው።

የእነዚህ ሁለት ወፎች እውነተኛ ልዩነት ያለው ክንፋቸው ላይ ነው፤ ምክንያቱም መንገዳቸው ይለያያል። ቺፍቻፍ የአውሮፓን የብርድ ወራት የምታሳልፈው በሜዲትራኒያን ዙሪያ፣ በምዕራብ አፍሪካና እኛ ደጋ ላይ ነው። ዊሎው ግን እኛን እንደ መተላለፊያ አድርጋ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ደቡብ ትቀጥላለች፤ እስከ ደቡብ አፍሪካ የምትደርስ አለች። ከሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ተነስተው ኬንያና ታንዛኒያ የገቡ ዊሎዎች በትንንሽ መሣሪያ ተከታትለው የሄዱበት ሲለካ ወደ 13,000 ኪሎ ሜትር ሆኗል። ክብደቷ 10 ግራም ገደማ ነው፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር። ያን ያህል የሚበር ረጅምና ሾጣጣ ክንፍ ያስፈልገዋል። የቺፍቻፍ አጠር፣ ክብ ያለ ነው።

ክንፉ ታጥፎ ሳለ ይህ የሚታየው እንዲህ ነው፤ ከላይ የሚሸፍኑት አጫጭር ላባዎች ካበቁበት አልፎ የረጃጅሞቹ ጫፍ ወደ ጅራት ይወጣል። የወጣው ቁራጭ ከአጫጭሮቹ ግማሽ ያህል ብቻ ከሆነ ወደ ቺፍቻፍ ያደላል፤ ከእነሱ ጋር የሚመጣጠን ከሆነ ወደ ዊሎው። ጋሼ ከቆሎው መሃል አንዲት የስንዴ አገዳ ስባሪ አገኙና ስክሪኑ ላይ አስጠግተው ለኩ፤ አንዱን ለክተው አገዳዋን ወደ ሌላው አዞሯት። ሊመጣጠን ጥቂት ነው የቀረው።

ሁለተኛው ምልክት የበለጠ ደቃቅ ነው። ከረጃጅሞቹ ላባዎች የአንዳንዶቹ ውጫዊ ጠርዝ መሃል ላይ ድንገት ይጠብባል፤ ምላጭ ተስሎ ተስሎ እንደሚሳሳው። ዊሎው ላይ እንዲህ የሚሆኑት ሦስት ናቸው፤ ቺፍቻፍ ላይ አራት። ልጁ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ቆጠረ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።» አራተኛውን ስንፈልግ ቆየን። ጠርዙ እስከ ታች ቀጥ ያለ ነው። መምህርቷ መልሳ ቆጠረች። እኔም ቆጠርኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ቆጠሩ።

ያኔ ልጁ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ «ጅራቷንም አልወዘወዘችም ነበር» አለ።

ሁላችንም ዞርን። ቺፍቻፍ ስትለቅም ጅራቷን ወደ ታች እየደጋገመች የመጣል ልማድ አላት፤ ዊሎው ይህን እምብዛም አታደርገውም። ይህ ደግሞ ፎቶ የማይይዘው ነገር ነው።

«እኔ ካሜራ ስላልነበረኝ እሱን ነበር ሳይ የቆየሁት» አለ። «አንዴም ወደ ታች አላደረገችውም። ግን ስሟ ተነግሯል ብዬ ተውኩት።»

ጋሼ እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ። «ደብተርህን አምጣ» አሉት። «ቺፍቻፍ ያልከውን አትፋቀው፤ በአንድ መስመር ሰርዘው፣ ከሥሩ እንዲነበብ። ከጎኑ ዊሎው ዋርብለር በል። የቆጠርከውንም ጻፍ፣ ጅራቷንም ጻፍ።» ልጁ ሲጽፍ እስኪጨርስ ጠበቁት። መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ብቻ ሲያበራ እንኳ አልተነሱም።

እኔም ያን ሌሊት ኢበርድ ከፍቼ መዝገቡን አስተካከልኩ። 11ኛውን ፎቶ አያያዝኩ፤ ማስታወሻው ላይ በመጀመሪያ በቺፍቻፍ እንደመዘገብኳትና እግሯን አይቼ ሳልናገር እንደቀረሁ ጻፍኩ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ላጠፋው ነበር። ተውኩት።

ኅዳር ላይ ከጋሼ ጋር ሁለታችን ብቻ ወደ አንኮበር ወጣን። ጉሙ ወደ ቆላው ሲሸሽ ከመንገዱ በታች ካለ የአስታ ቁጥቋጦ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ ተንቀሳቀሰች። ጋሼ ቀድመው አዩዋት። ባይኖኩላራቸውን አነሱ፤ ከአሥር ሰከንድ በላይ ተመለከቷት። ከዚያ አወረዱት፤ ፊታቸውን ወደ ገደሉ፣ ወደ አፋር በረሃ አዞሩ፤ ጋቢያቸውን ወደ አገጫቸው ሳብ አድርገው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

«በል» አሉ፤ «ምን አየህ?»